አንጓችዬ፣ መንገድሽ ኮሚቴ ገባበት

ይድረስ ለአንጓችዬ፣

እንደምን ከረምሽ እንዳልልሽ፣ አንቺ ያለሽበት አገር ክረምትና በጋ ይኑረው አይኑረው አላውቅም። እኔ ግን ከተለየሽኝ ወዲህ አራት ክረምት ከረምኩ። አራቱንም ሲያፈስብኝ ነው የከረመው። ዓይኑን ማለቱ ነው ብለሽ ደስ እንዳይልሽ፤ ጣራውን ነው።

ደግሞ ናፍቆት ነው ያስጻፈው እንዳትይ። ናፍቆቱንስ በየቀኑ ያለ ወረቀት እወጣዋለሁ። ዛሬ ብዕር ያስያዘኝ ንዴት ነው። የሚናደዱበት ሰው ከቤት ሲጠፋ ንዴት እንዴት ጉሮሮ ላይ እንደሚቀመጥ አታውቂውም፤ ቀድመሽ ሄደሻላ! አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ የኔን አንቺ ላይ፣ አንቺም ያንቺን እኔ ላይ ስናራግፍ ኖረን፣ ድንገት ብድግ ብለሽ ስትሄጂ የዚህን ሽማግሌ ጩኸት ማን ይቀበለው ብለሽ ነው?

የቤቱን ወሬ ሳልነግርሽ ወደ ዋናው ነገር ብገባ "አንተ ሰውዬ ሁልጊዜ ከመሃል ነው የምትጀምረው" ትይኛለሽ፤ እሱን ልጨርስ። መብራት ገብቶልናል። አንዲት አምፖል ናት፤ የምታሳየኝ ነገር ቢኖር ግድግዳው ምን ያህል እንደጠቆረ ብቻ ነው። የልጅ ልጃችን ማስተዋል ከኔ ጋር ናት። አሥረኛ ክፍል ደርሳለች፣ ስልክ ይዛለች፣ ወጥ ላይ በርበሬ ትነፍገኛለች። "ሐኪሙ ምን አለዎት አባባ?" ትለኛለች። ጓሮዬን ሙሉ በርበሬ ተክዬ፣ በገዛ ቤቴ አልጫ የምበላ ሰው ሆኛለሁ። ቦራዪቱ ላም ወልዳለች። ጥጃዋ እንዳንቺ እልኸኛ ናት፤ ወደ ውጭ ስጎትታት ወደ ውስጥ።

እንግዲህ ወደ ንዴቴ። ነገሩ መንገድሽ ነው።

የትኛው መንገድ እንዳትይኝ። ከጓሯችን በር ተነስቶ፣ የአጋሙን ቁጥቋጦ ታኮ ወርዶ፣ ወንዟን በሦስት ድንጋይ ተሻግሮ፣ በሚካኤል ደን ውስጥ ለውስጥ ሄዶ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር የሚደርሰው ያ ቀጭን መንገድ። ዓይንሽ ከጠፋ በኋላ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ብቻሽን ስትመላለሺበት የኖርሽው።

ከአጥራችን እስከ ደኑ ያለው መሬት የወል እንደሆነ ታውቂያለሽ። ዓምና ቀበሌው ሰበሰበንና ይህ ቦታ ጦሙን አደረ፣ በማኅበር ለተደራጁ ወጣቶች ተሰጥቶ ባሕር ዛፍ ይተከልበት ተባለ። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ማን መሰለሽ? ጌታሰው! ያ ልጅ ሳለ አጋም ሊለቅም ገብቶ፣ እሾሁ ልብሱን ይዞት ሲያለቅስ አንቺ በድምፁ አግኝተሽ ያወጣሽው። ዛሬ ክራቫት ያስራል። "አያ ፈንቴ፣ በዚያ መንገድ ከእንግዲህ ማን ይሄዳል? እትዬ አንጓች እንደሆኑ አርፈዋል" አለኝ፣ ነፍስ ይማር ብሎ አንገቱን ደፍቶ። ምን ልበለው? እውነቱን ነው። እኔ፣ በሰው ስብሰባ እንኳ ካልተናገርኩ የሚያመኝ ሰው፣ ያን ቀን ዝም ብዬ ወጣሁ።

ዝም ብዬም እቀር ነበር፤ መምህርት ሕይወት ባትመጣ ኖሮ።

መምህርት ሕይወት የቡሬ ልጅ ናት። እዚህ ፍኖተ ሰላም ታሪክ ታስተምራለች። በልጅነቷ ኩፍኝ ዓይኗን ወስዶታል። ማስተዋል ክፍል ውስጥ ስላንቺ አውርታ ኖሮ፣ አንድ ቅዳሜ ነጭ በትሯን እያንኳኳች ከጓሮ በር ከተፍ አለች። ውሃ ሰጠኋት፣ ጠጣች፣ ጉዳይዋን ነገረችኝ። "አባባ፣ እንደኔ ማየት የተሳናቸው ስድስት ተማሪዎች አሉኝ። ከቋሪት፣ ከማንኩሳ፣ ከየገጠሩ መጥተው ቤት ተከራይተው ነው የሚማሩት። ከቤታቸው ክፍል፣ ከክፍል ቤታቸው፤ ያውም የሰው ክንድ ይዘው። ሌሎቹ ልጆች ወንዝ ወረድን፣ ዛፍ ወጣን ሲሉ ይሰማሉ። ዛፉን በስሙ ያውቁታል፣ ለፈተና። ነክተው የሚያውቁት ግን የክፍሉን በር ነው" አለችኝ። ከዚያ የባለቤትዎን መንገድ ያሳዩኝ አለች።

ልመራት ክንዴን ሰጠኋት። "ክንድዎን ያስቀምጡት፤ ከኋላዬ ይምጡ" አለችኝ። እኔን! በገዛ ጓሮዬ!

አንጓችዬ፣ እዚህ ላይ ነው ካንቺ ጋር የምጣላው። ሴትዮዋ ጫማዋን አውልቃ ገና ሃያ እርምጃ ሳትሄድ ቆም አለችና መሬቱን በእግሯ ፈተሸችው። "እዚህ ጋ ገረጋንቲ ያፈሰሰው ማነው?" አለች። "እኔ ነኝ፤ በሚስቴ ትእዛዝ" አልኳት። "ለምን እንደሆነ ያውቃሉ?" አለች። "ለጭቃው ነዋ!" አልኩ ኮራ ብዬ። ሳቀች። "ጭቃው ያለው ወዲያ ማዶ ነው አባባ። ገረጋንቲው ከእግራቸው ሥር ሲያልቅ መታጠፊያው መድረሱን እንዲያውቁበት ነው።"

ያን ሁሉ ገረጋንቲ ከአስፋልቱ ዳር በጆንያ ያሸከምሽኝ ለዚህ ነበር? አሥራ አራት ዓመት ሙሉ "ክረምት ሲመጣ ታመሰግነኛለህ" እያልሽ! የንብ ቀፎዎቹስ? ከዋንዛው ላይ አውርጄ ወደ ጓሮ ላስጠጋቸው ባልኩ ጊዜ አንድ ሳምንት ያኮረፍሽኝ ንብ ስለምወድ ነው ብለሽ አልነበር? መምህርት ሕይወት እዚያ ስትደርስ ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ "እሰይ፣ ንቦቹ በቀኜ ሲሆኑ ወንዙ ፊት ለፊቴ ነው ማለት ነው" አለች። በሩ ላይ የተከልሽው ጠጅ ሳር፣ ወንዟ አፋፍ ላይ ያለው ዳማ ከሴ፣ ደረቅ ቅጠሉ ከእግር ሥር የሚንኮሻኮሸው ዋንዛ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ እየለቀመች ታነብልኝ ጀመር። እኔ ተክል የምትወድ ሴት አገባሁ ብዬ ነው የኖርኩት። ለካ መንገድ ስትጽፊ ኖረሻል። ለምን አልነገርሽኝም? ለሰው ሁሉ ስለማወራ ነው? ብናገርስ ምን ነበረበት!

ያን ቀን ማታ፣ ራቴን በልቼ ስቀመጥ፣ ያ የመጀመሪያው ዓመት ትዝ አለኝ። የዓይንሽ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ እየዞረ ሲወጋሽ፣ በወረንጦ ስነቅልልሽ፣ ደግሞ ሲበቅል፣ ደግሞ ስነቅል፣ ደርግ በወደቀ ማግሥት ጭራሽ ጨለመብሽ። ያን ጊዜ በትር አበጀሁና አንዱን ጫፍ አንቺ፣ አንዱን እኔ ይዘን እመራሽ ጀመር። "ድንጋይ! ግራ! ጉድባ! ዝቅ በይ!" እያልኩ መንደሩን ሁሉ አደነቁር ነበር። አንድ ቀን ከወንዟ ሳንደርስ በትሩን ለቀሽ ቆምሽ። "ፈንቴ፣ እባክህ አፍህን ዝጋልኝ፤ መንገዱን ልስማበት" አልሽኝ። ምን ያህል እንደከፋኝ! ከዚያ ወዲያ ብቻሽን ሄድሽ። እኔ ደግሞ ወር ሙሉ ሳታውቂ ከኋላሽ ተከተልኩሽ። ሳታውቂ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ቤተ ክርስቲያኑ በር ስትደርሺ ዘወር ሳትይ "አሁን ተመለስ፣ ከብቶቹን ማን ያጠጣልሃል" ያልሽው አንቺ ነሽ።

ከመምህርቷ ጋር ተያይዘን ቀበሌ ሄድን። ጌታሰው ከወረዳ ሰው አስጠርቶ መከረና እንዲህ ተባለ፦ ተማሪዎቹ ከጓሯችን በር እስከ ሚካኤል ቅጥር ያለ መሪ ከሄዱበት፣ ቦታው መንገድነቱ ይጠበቃል። ካልሄዱበት ለወጣቶቹ ይሰጣል፣ ችግኙም ይወርዳል። አንድ ጊዜ፣ በኃላፊዎች ፊት። እስከዚያው ድረስ መንገዱን የሚያዘጋጅ ኮሚቴ ይቋቋም።

ኮሚቴ! አንጓችዬ፣ እግዚአብሔር ሲወድሽ ከዚህ ዘመን ኮሚቴ ሰውሮሻል። ሰብሳቢ አደረጉኝ። አንቺ ብትኖሪ ምን እንደምትይ አውቃለሁ፤ ቃሉ ደስ ብሎኝ እንደሆነም ታውቂያለሽ።

መጀመሪያ የመጣው ታፔላ ነው። ቁመቱ እኔን ያህላል። በትልልቅ ቀይ ፊደል "ማየት ለተሳናቸው ወገኖቻችን የተዘጋጀ የተፈጥሮ መንገድ" ተብሎ ተጽፎበት፣ ቀስት ተሥሎበት፣ በሩ ላይ ተተከለ። መምህርት ሕይወት በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ለስላሳ ቆርቆሮ ነው። "ምን ይላል?" አለች። "ወደዚህ ነው ይላል" አልኳት። "ወዴት?" አለች። ጌታሰው ክራቫቱን አስተካከለ።

ቀጥሎ ገመድ ነው። እሷ የጠየቀችው ለወንዟ ብቻ ነበር። "ሌላውን መንገዱ ራሱ ይንገራቸው፤ ድንጋዮቹ ላይ ግን እጃቸው የሚይዘው ገመድ ይዘርጋልን" አለች። ደብዳቤ ተጻፈ፣ ማኅተም ተመታ፣ ከመጋዘን ወጪ ሆኖ መጣ። ጥቅሉን ስንፈታው የእሾህ ሽቦ! "ገመድ የለም አያ ፈንቴ፤ ያለው ይኸ ነው፤ ደግሞ አይበጠስም" አለኝ ጌታሰው። "አንተ ልጅ፣ በእጃቸው እኮ ነው የሚይዙት!" አልኩት። አሰበ፣ አሰበና "ጓንት እንጠይቃለን" አለኝ። ማርያምን፣ እንዲህ ነው ያለኝ።

ሽቦውን ለበርበሬዬ አጥር አደረግኩት። ጌታሰው የመንግሥት ንብረት ነው ይላል፤ ይምጣና ይንቀለው፣ ጓንት እኔ እሰጠዋለሁ። ገመዱን ከቃጫ ራሴ ገምጄ፣ ከወዲህ ከብሳናው ከወዲያ ከወይራው አሰርኩት። እጄ እስካሁን ይፋጃል።

እሱ ሲያልቅ ደግሞ ኖራ። የመንገዱ ዳር ድንጋዮች በሙሉ ኖራ ይቀቡ ተባለ። "ለምን?" ብዬ ጠየቅኩ። "እንዲታይ ነዋ" አሉኝ። እኔም ከዚህ በኋላ ጥያቄ ተውኩ።

ተማሪዎቹ ሦስት ቅዳሜ ተለማመዱ። ከሁሉ አንዷ፣ ዓለምነሽ የምትባል ዘጠነኛ ክፍል ያለች የቋሪት ገበዝ ማርያም ልጅ፣ ረዘም ያለች፣ ምላሷ እንደኔ የማያርፍ፣ በሦስተኛው ቅዳሜ መንገዱን እንደራሷ ቤት አወቀችው። ጠጅ ሳሩን ስታልፍ ቅጠሉን ቀጠፍ አድርጋ በጣቷ ታሸዋለች። ከገረጋንቲው ስትወጣ "አሁን እታጠፋለሁ" ትላለች። ወንዟ ጋ ስትደርስ ገመዱን ይዛ "አያ ፈንቴ፣ ይህን ቋጠሮ ዓይንዎን ጨፍነው ነው እንዴ ያሰሩት?" ብላ ትሰድበኛለች። ለፈተናው ቀን ስድስቱንም ወክላ እሷ ትሂድ ተባለ። ሰብሳቢው፣ ማለትም እኔ፣ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

አንጓችዬ፣ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ላለመጻፍ ሁለት ጊዜ ተነስቼ ጥጃዋን አይቻለሁ። እሷ ደህና ናት። ልጻፈው።

እስካሁን በጌታሰው ሳሾፍ ቆየሁ አይደል? የመጨረሻውን ጥፋት ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ትላልቅ ሰዎች ከወረዳ ይመጣሉ። የሰው ዓይን መንገድሽ ላይ ሊያርፍ ነው። እኔ ደግሞ በእንግዳ ቀን ባዶ መሬት አሳይቼ አላውቅም። የፈተናው ቀን ጎሕ ሲቀድ ጎረቤታችንን እትዬ ያልጋንና የሰፈሩን ሴቶች ይዤ ወደ ረግረጉ ወረድኩና ቄጤማ አሳጨድኩ። ከጓሮ በር እስከ ወንዟ፣ ከወንዟ ደኑ መግቢያ ላይ እስካለው ዝግባ ሥር፣ ወፍራም አድርገን ነጠፍነው። ጤዛው ገና አልረገፈም። እንዴት እንደሚያምር! ሠርግ ቤት መሰለ። "ይሄኔ አንጓች ብታይ" አልኩ ለያልጋ። ምን አልኩ? አንቺ ብታይ!

ኃላፊዎቹ ሲመጡ ደግሞ ተንኮሌ መጣብኝ። ትንሽ በእግራቸው ይቅመሱት ብዬ "ይህ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስድ መንገድ ስለሆነ ከዚህ ጀምሮ ጫማ ይወልቃል" አልኳቸው። የሚወልቀው ቅጥሩ ጋ ሲደረስ ነው፤ ለንስሐ አባቴ ተናግሬአለሁ። ወለቀ። ማስተዋል ጫማቸውን ሰብስባ ቤት አስገባችው። ክራቫት አስረው በባዶ እግራቸው ቄጤማ ላይ ቆመው ሳያቸው የፈተናው ነገር ከነጭራሹ ጠፋኝ፤ ሳቄን ስውጥ ነበር።

ዓለምነሽ ጀመረች። በሩ ላይ ቆመች፣ አሸተተች፣ ግንባሯን ቋጠረች። እርጥቡ ቄጤማ ጠጅ ሳርሽን ውጦታል። ሄደች። እግሯ ድምፅ የለውም። ገረጋንቲውን አለፈችው፤ ከቄጤማው ሥር ነው፣ በምን ትወቀው? መታጠፊያውን ሳታውቅ አለፈች። ዳሩም መሃሉም አንድ ዓይነት ልስላሴ ሆኖባት፣ ቀጥ ብላ ሄዳ አጋሙ ውስጥ ገባች። እሾሁ ነጠላዋን ያዘው፣ ክንዷን ሞነጨረው። አልጮኸችም። ወዲያ ወዲህ በእግሯ ፈለገች፣ ፈለገችና "እዚህ ጋ መንገድ ነበረ" አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር ቀስ ብላ።

ከዚያ በፊት ሰው አሳፍሮኝ አያውቅም ማለት እችላለሁ። ያን ቀን መሬቱ ቢውጠኝ እወድ ነበር።

ዋናው ኃላፊ ሰዓታቸውን አዩ። "ጥረቱ የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን" ብለው ጀመሩ። ከ"ነገር ግን" በኋላ የሚመጣውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ወጣቶቹም ከጀርባ ችግኙ መቼ እንደሚወርድ መነጋገር ጀመሩ። መምህርት ሕይወት ጎንበስ ብላ መሬቱን ዳበሰች፣ አንድ እፍኝ አነሳች። "ቄጤማ" አለች። "ማነው ያነጠፈው?"

ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። እሷ አታይም። ዝም ብል ማንም አይናገርም። እንዲያውም ጌታሰው፣ አይ ጌታሰው፣ ሊሸፍነኝ ብሎ "የአካባቢው ኅብረተሰብ ነው፣ በራሱ ተነሳሽነት" አለላት። ጥሩ መሸሸጊያ ነበር፤ ሰፊ። ግን ልጅቷ አጋሙ ውስጥ እንደቆመች ናት፤ ያልጋ እሾሁን ከነጠላዋ እየነቀለችላት ነው። "ኅብረተሰቡ እኔ ነኝ" አልኩ።

መምህርት ሕይወት ትቆጣኛለች ስል አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። "አባባ፣ ቄጤማ ለእንግዳ ክብር መሆኑን አውቃለሁ። ግን የዛሬዎቹ እንግዶች እነማን ነበሩ?" አለችኝ። እኔ ያነጠፍኩት ለክራቫቶቹ ነው። መንገዱን የሚሄድበት ሰው ትዝ አላለኝም።

ተንበርክኬ በእጄ መጥረግ ጀመርኩ። ያልጋና ሴቶቹ ቅርንጫፍ ሰብረው ተከተሉኝ። ኃላፊው "እኛ እንግዲህ እንሂድ፤ ሌላ ቀጠሮ አለን" አሉ። ጫማ ግን የለም። ማስተዋል፣ ያቺ የኔ ደም፣ ቁልፉን የት እንዳስቀመጠችው ጠፋብኝ አለች። ከኃላፊዎቹ አንዱ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ኖራው ሱሪያቸውን አነጣው። ጌታሰው ትንሽ ቆሞ አየኝ፣ ክራቫቱን ኪሱ ውስጥ ከተተና አጠገቤ ተንበረከከ። "አያ ፈንቴ፣ ወገብዎን ይጎዳሉ፤ ለኔ ይተዉልኝ" አለኝ። "ዝም ብለህ ጥረግ" አልኩት። በመጨረሻ ኃላፊው ራሳቸው ተነስተው አንድ ሸክም ቄጤማ አቅፈው ወደ ዳር ወሰዱ። በባዶ እግራቸው ገረጋንቲው ላይ ሲደርሱ "ውይ!" አሉ፣ ቆሙ፣ ወደ ኋላ ተመልሰው ደግመው ረገጡት። እኔም አየኋቸው።

ስንጨርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳለች። ዓለምነሽን "ሌላ ልጅ ትሂድ፣ አንቺ ቆስለሻል" ብንላት "እምቢኝ፤ ያጠፋሁት እኔ አይደለሁም" አለች። ለኔ የተወረወረ ነው፤ ተቀበልኩት።

በሩ ላይ ቆመች። ጠጅ ሳሩን አገኘችው፣ ቀጠፍ አድርጋ አሸችው። ሄደች። ገረጋንቲው ከእግሯ ሥር ጮኸ፣ አለቀ፣ ታጠፈች። "ቀጥይ" ልላት አፌን ስከፍት ያልጋ በክንዷ ጎሰመችኝ። ንቦቹ ጋ ትንሽ ቆመች። ወንዟ ላይ ገመዴን ያዘች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስተኛው ድንጋይ ላይ አዳለጣት፣ ገመዱ ለጠጥ አለ፤ ቋጠሮው ያዘ። ደኑ ውስጥ ገባች። ዛፎቹ ሸፈኗት፤ እግሯ ደረቅ ቅጠል ሲረግጥ ብቻ ይሰማናል፤ እሱም ራቀ፣ ጠፋ። ቆየን። ከዚያ ከሩቅ፣ የቅጥሩ የብረት በር ተንኳኳ፤ ሦስት ጊዜ፣ እንደ እንግዳ።

እንድትመለስ ማንም አላዘዛትም፤ ፈተናው መሄድ ብቻ ነበር። እሷ ግን ተመልሳ መጣች፤ ብቻዋን፤ በእጇ የዝግባ ፍሬ ይዛ። "ይኸን ለፈተና ነበር የማውቀው" አለችና ለመምህሯ ሰጠቻት።

ኃላፊው ወዲያው መንገዱ ይጠበቅ አሉ። ጌታሰው ጻፈ። ከዚያ ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠርገው "ዝርዝሩ በደብዳቤ ይገለጻል" አሉ፤ ይኸው ስንት ሳምንቱ፣ ደብዳቤው እየተገለጸ ነው። ችግኞቹ ከነላስቲካቸው ቀበሌው ግቢ ውስጥ አሁንም አሉ፤ እኔም በየሰኞው ሄጄ እቆጥራቸዋለሁ፣ አንዲት ብትጎድል ጉድ አፈላለሁ። ለወጣቶቹ ከተራራው ማዶ ቦታ ይፈለግላቸው ተብሏል፤ እሱም በደብዳቤ። ታፔላውን ነቅለን የበሩ ቦይ ላይ እንደ ድልድይ ጋደም አደረግነው፤ ፊደሉን ወደ ታች። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ጥቅም የሰጠው።

ጌታሰው መዝገብ ላይ ለመንገዱ ስም ያስፈልጋል ብሎ መጣ። ሁለት ሦስት ልማት ልማት የሚሸት ስም ይዞ ነበር። እኔ አንጓች በል አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና አልተከራከረኝም፤ ጻፈው።

ሰሌዳ የለው፣ ሐውልት የለው፣ ስሙ ያለው በልጆቹ አፍ ነው። ስድስቱም አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። ባለፈው ሳምንት አጥር ሥር ተቀምጬ ዓለምነሽ ለአንዲት አዲስ ለመጣች ልጅ ስትነግራት ሰማሁ፦ "ወንዝ መውረድ ከፈለግሽ በአንጓች ሂጂ፤ አትጠፊም።" አንቺን አታውቅሽም፤ ድምፅሽን አልሰማችም። እንደ ሰፈር ስም አድርጋ ጠራችሽ። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ እንዲህ በቀላሉ የሚጠሩሽ አንቺ ማን ሆነሽ ነው ብዬ። ቆይቶ ግን ተነስቼ እኔም ሄድኩበት።

ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሄደው አንጓችዬ። ቅዳሜ ልጆቹ ከተመለሱ በኋላ፣ ሰው ሳያየኝ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ አፌንም ዘግቼ። አንዴ አጋሙ ውስጥ ገብቼ ጋቢዬን ቀድጃለሁ፤ ማስተዋል ምን ነካዎት ስትለኝ ጥጃዋ ናት አልኳት። አንዴ ንቦቹ በግራዬ ሆነው አገኘኋቸው፤ እንዴት እንደሆነ እኔንጃ። እስካሁን ወንዟን አልተሻገርኩም። አንቺ ከነእንስራሽ የተሻገርሽውን፣ ያቺ ልጅ ክንዷ እየደማ የተሻገረችውን፣ እኔ ገመዱን የገመድኩት ሰውዬ ከሁለተኛው ድንጋይ ላይ ዓይኔን እገልጣለሁ።

ስለዚህ ቃል የምገባልሽ ይህንኑ ነው። ሙት ዓመትሽን አስታውሳለሁ፣ ተዝካርሽ አይታጎልም፤ እሱን ለሌሎቹም ሟቾች እናደርገዋለን። ላንቺ ለብቻሽ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እሄድልሻለሁ፤ ሦስተኛው ድንጋይ ላይ ዓይኔን ሳልገልጥ እስክቆም። እስከዚያ ድረስ አልረሳሽም። እንደ አካሄዴ ደግሞ ገና ብዙ ቅዳሜ ይፈጃል።

ያንተ ጩኸት አሰልቺ ነው ስትይው የኖርሽው፣
ፈንቴ